ደርቢው ምን በደለ?

«እንኳን ቀረ፤ ተገላገልን።»

የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደርቢ ከአዲስ አበባ መውጣቱ ሲነሳ ይህን የማይል ሰው አጣሁ። ባለሱቁ ይላል። የታክሲው ረዳት ይላል። ማሊያ ለብሶ ያደገው፣ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጨፍር የኖረው ሰውዬ ሳይቀር ዛሬ አንገቱን እየነቀነቀ «ሰላም ይሻላል» ይላል። ከምንድን ነው የተገላገልነው? ከራሳችን?

እኔ አልተገላገልኩም። ተዘርፌያለሁ። እናንተም ተዘርፋችኋል። ልዩነታችን እናንተ ጨዋ ለመባል ዝም ማለታችሁ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። እዚህ ገበያ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለይ ነገር ሞልቷል። ቋንቋው ሌላ ሌላ ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው፤ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። ሸማ ተራ፣ ሚናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጎማ ተራ እያልን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሰዉንም በተራ ደርድረናል። በዚህ ሁሉ መሃል ግን ማንም ከአባቱ በደም ያልወረሰው አንድ ክፍፍል ነበር። ፈረሰኛ ነህ ወይስ ቡናማ? አባትየው ጊዮርጊስ፣ ልጅየው ቡና። የጉራጌው ነጋዴና የዶርዜው ሸማኔ በአንድ ማሊያ፤ ሁለት የስልጤ ወንድማማቾች በሁለት። መታወቂያ አይጠይቅህም፤ የአያትህን ስም አይጠይቅህም። መርጠህ ትገባለህ፣ ከገባህ በኋላ መውጣት የለም።

ሰኞ ጠዋት የተሸነፈ ሰው ሱቁን አርፍዶ ነበር የሚከፍተው። ማርፈዱም አያድነውም። ቡና የተሸነፈ እንደሆነ ጎረቤቱ ባለጀበናዋን ጠርቶ «ለዚህ ሰውዬ ሻይ ስጪው፤ ቡና አልተስማማውም» ይላል፣ ተራው በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ። ጊዮርጊስ የተሸነፈ እንደሆነ ደግሞ «ፈረሱ ገለባ አልበላም?» የሚል ጠያቂ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የጊዮርጊሱ ሰው ዋንጫ ይቆጥርበታል፤ ያኛው የ2003ቷን የሊግ ዋንጫ እንደ ልጁ ስም ይጠራበታል። ተረብ ነው፤ የሚያቆስል ተረብ። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ያ ተራቢ ለዚያ ተተራቢ ዕቃ በዱቤ ይሰጠዋል። ያለ ፊርማ። ይሄ ነው ያጣላን?

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ፋሽስት ገብቶ ምን አደረገ? አገሬውን ከአራዳ ገበያ አንሥቶ ወደዚህ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ገፋው። ነጭ ወዲያ፣ ጥቁር ወዲህ። ኳሱንም አልማረውም። የእኛ ልጆች ከጣሊያኖች ጋር እንዳይጋጠሙ ለያቸው፤ ጊዮርጊስን ራሱን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው። ሽንፈት ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። ሽንፈት ብቻ አይመስለኝም የፈራው። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ፊሽካ ሥር መቆም እኩያ መሆን ነው። እሱን ነው ያልቻለው።

ነጻነት ሲመለስስ? በ1936 ዓ.ም. ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ቡድን በአንድ ውድድር ገጠሙ። ልብ በሉ፤ ጣሊያን ከተሸነፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። በዚያ ሜዳ ዙሪያ የቆመው ሰው ወንድሙን በጣሊያን ጥይት የቀበረ ሰው ነው። «ያጣላናልና ይቅርብን» ለማለት ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበረው። አላለም። ኳስ አምጡ አለ። እኛ ምን ሆነን ነው ታዲያ የሻይና የቡና ተረብ ፈርተን ሜዳ ያዘጋነው?

የፉክክሩ ሥር ደግሞ ክለብ ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ጊዮርጊስን ሲቀላቀል የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበር፤ ገና ልጅ። ያ ተማሪ ነው አድጎ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሠለጠነው። ያ ተማሪ ነው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍን፣ የመራው። ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአካዳሚ? ከትምህርት ቤት አቧራ ነው የመጣው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ይጋጠም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ መርካቶ ዙሪያ መሆኑ ይበቃል። ጎሉ መረብ የለውም፤ ስለዚህ «ገባ፣ አልገባም» መጨቃጨቅ የጨዋታው ግማሽ ነበር። የዚያን ቀን ጀብሎ ሥራ ይፈታል። ጋሪ ገፊ ጋሪውን አጥር ሥር አስጠግቶ ላዩ ላይ ይቆማል። በርበሬ የምትሸጠው እናት ልጇ ተቀያሪ መሆኑን እያወቀች፣ እንደማይገባ እያወቀች ትመጣለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በእኛ ጉልበት ይወራረዳሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ድንጋይ ተወረወረ፤ አንድ ልጅ ግንባሩ ተፈነከተ። ርዕሰ መምህሩ ምን አደረጉ? የወረወረውን ያዙት? ማን እንደሆነ እኮ ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር! ጨዋታውን ሰረዙት። ለሰላም ሲባል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሰላም መጣ? እንዴት ብሎ! ልጆቹ መደባደባቸውን አልተዉም፤ ቦታ ቀየሩ እንጂ። አውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ዳኛ በሌለበት፣ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ በማያልቅ ጠብ መገናኘት ጀመሩ። በፊት የሚጣሉት ስለ ገባና ስላልገባ ነበር። በኋላ «የእነ እንትና ዘር» እየተባባሉ ሆነ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የትምህርት ቤቱ ስም ሲነጠቃቸው የቀራቸው የአያት ስም ነበር። ስለዚህ «ፉክክር ያጣላል» የሚለኝን ሰው ዝም ብዬ መስማት አልችልም። ፉክክር የነሣናቸው ልጆች ሲጣሉ ነው ያየሁት።

ዛሬማ ምን ሜዳ አለ? የመኖሪያ ቤት ተከራይቶ «አካዳሚ» ብሎ የሰየመ ሁሉ ልጅ ይቀበላል፤ ግቢው ሁለት መኪና ሲቆምበት ይሞላል። ልጁ የስፖርት ትምህርት በወረቀት ይፈተናል። የኳስ ሜዳን ስፋት በሜትር ይነግራችኋል፤ ረግጦት ግን አያውቅም! ወላጅም አይቆጣም፤ «ኳስ ምን ያደርግለታል?» ይላል። ጃፓኖች ይህን አላሉም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ውድድር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1917 ተጀምሮ ዛሬም አለ። ፍጻሜው ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለተማሪ ጨዋታ ትኬት ይቆርጣል። ኬይሱኬ ሆንዳን የጋምባ ኦሳካ የወጣት ቡድን «አትሆነንም» ሲለው ያነሳው የትምህርት ቤት ኳስ ነው። እኛ ዘንድ ክለብ «አትሆንም» ያለው ልጅ የት ይሄዳል? ቤቲንግ ቤት።

ወደ ደርቢው ልመለስ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ድግስ ድንኳን ከከተማ ከተማ እየዞረ መካሄድ ያዘ። ኮቪድ ነው አሉ፤ ልክ ነበር። ኮቪድ አለፈ። ቴሌቪዥን ነው አሉ፤ ዲኤስቲቪ ጥሩ ሜዳ ይፈልግ ነበር። እሺ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም አሉ፤ እሱም እውነት ነበር፣ ካፍም አልተቀበለው። ግን ሰው ቤቱ ሲፈርስ ይሠራዋል እንጂ ጎረቤት ቤት እየዞረ ይኖራል? በሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «በሜዳችን» ነበር የተባለው። ሜዳችን የት ነበር? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ከስንት ዓመት በኋላ ግብፅን አሸንፈን ጭብጨባውን ማላዊ ሰማው። ይህን አሳፋሪ ነገር ሰምቶ የተቆጣ ስንት ነው? «ዋናው ማሸነፋችን ነው» ብለን ቡናችንን ጠጣን።

ሊጉ በሀዋሳ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳር ሲዞር የአዲስ አበባ ደርቢም አብሮ ተሰደደ። ከአራዳ የወጣ ክለብና ድሮ ቡና ገበያ እንለው የነበረው ክለብ በሰው አገር ሜዳ ተገናኙ። የመርካቶ ኩሊ በምን ገንዘቡ ነው ሀዋሳ ወርዶ፣ አድሮ፣ ኳስ አይቶ የሚመለሰው? በፊት እኮ ሸክሙን አራግፎ በተክለ ሃይማኖት ወርዶ በእግሩ ነበር ስታዲየም የሚደርሰው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፤ ኪሱ የፈቀደለት ቦታ ይቀመጣል፣ ዘጠና ደቂቃ ከባለ ፎቁ እኩል ይጮኻል። ለሱ ጩኸት ሌላ ማን ጆሮ ሰጥቶት ያውቃል? ያንን ነጥቀነው ነው «ሰላም ሆነ» የምንለው። እሱ ዝም ማለቱን ነው ሰላም ያልነው።

አሁን ደግሞ ማንም ሊናገረው የማይወደውን ልናገር። ደጋፊ ከሜዳ ሲርቅ የትኬት ገቢ ይሞታል። የትኬት ገቢ የሞተበት ክለብ የበጀት ልጅ ይሆናል። የሊጋችን ክለቦች ብዙዎቹ ድሮም ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ካዝና ነው የሚበሉት። በጀት ባለቤት አለው። ባለቤቱ ክልል ነው፣ ከተማ ነው፣ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ክለቡ የሰፈር ፍቅር መሆኑ ቀርቶ የክልል ባንዲራ ይሆናል። ባንዲራ ሲጋጠም ደግሞ ተረብ የለም፤ ደም ነው ያለው። በኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ የወልዲያና የመቐለ ጨዋታ ሳይጀመር በተነሣ ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ኳስ አጫረሰን» አለ። ኳስ ነው? ኳስማ ገና መሃል ሜዳ አልተቀመጠችም ነበር! ያጫረሰን ሌላ ነው፤ ኳሷ የመጣው ሁሉ የሚያላክክባት ሆና ነው። እና መድኃኒቱ ምን ሆነ? ሰው መርጦ የሚገባበትን፣ ዘር የማይጠይቀውን ደርቢ ከከተማው ማስወጣት! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄንን።

ግብዝነቱ ደግሞ ሌላ ነው። «ደርቢ ያጣላል» የሚለኝ ሰውዬ ቅዳሜ ማታ የት ነው የማገኘው? ዲኤስቲቪ ቤት። አርሰናልና ማንቸስተር ሲጋጠሙ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ከወንድሙ ጋር እየተሰዳደበ፣ ስልኩን ወለል ላይ እየፈጠፈጠ። ለንደንን አይቶት አያውቅም። ኦልድ ትራፎርድ የት እንዳለ ካርታ ላይ አያሳያችሁም። ለእነሱ ሲሆን «ስሜት» ነው፤ ለእኛ ሲሆን «ሁከት» ነው! የእንግሊዝ ደጋፊ ሲዘምር «አቤት ባህል» ይላል፤ የቡና ደጋፊ ሲዘምር «ሥራ ፈት» ይላል። ያንኑ የእንግሊዝ ጨዋታ ደግሞ ቤቲንግ ቤት ገብቶ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይቆርጥበታል። በአገሩ ደርቢ ተጣልቶ የማያውቅ ሰው በሰው አገር ደርቢ ትዳሩን ያናጋል። አፍ አውጥተን እንናገር ከተባለ በመርካቶ የማውቃቸው የዚህ ዓይነት ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

«ድንጋዩስ?» ትሉኛላችሁ። ድንጋዩ ነበር። ወንበር ተነቅሎ ተወርውሯል፣ የማይደገም ስድብ ተሰድቧል፣ ሱቅ ተሰብሯል። አልክድም። አንዱን የፈነከተ ጎረምሳ ለምን አልታሰረም ብዬ ግን እጠይቃለሁ። ለምን ሺው በአንዱ ይቀጣል? እንግሊዞች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1985 ሄይሰል ስታዲየም ላይ 39 ሰው ሲሞት ክለቦቻቸው ከአውሮፓ ውድድር ለዓመታት ታገዱ። በ1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም ላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር በኋላ 97 ደረሰ። ከዚያ ምን አደረጉ? መረመሩ፣ ደጋፊን ከሜዳ የሚለየውን የብረት አጥር ነቀሉ፣ ወንበር አስገቡ፣ መግቢያ መውጫውን አሰፉ። የሊቨርፑልና የኤቨርተንን ደርቢ ግን ከሊቨርፑል አላስወጡትም፤ ማን ደፍሮ! ግብፆች ሌላውን መንገድ ሞከሩት። በፈረንጆቹ 2012 ፖርት ሳይድ ላይ ከ70 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ ስታዲየሙን በደጋፊ ላይ ዘጉ። በ2015 በሩ በመጠኑ ሲከፈት የዛማሌክ ደጋፊዎች ካይሮ ውስጥ በስታዲየም መግቢያ ላይ ተረጋግጠውና ታፍነው ሞቱ፤ 20 ያህል ወጣቶች። እንግዲህ ሁለቱም መንገድ ፊታችን ነው። የቱን ነው የመረጥነው? የቀለለንን።

የቀለለን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ሕዝብ ሲሰበሰብ ማስተናገድ ሥራ ይጠይቃል። ፖሊስ ማሠልጠን፣ ትኬት በቁጥር መቁረጥ፣ መግቢያ መለየት፣ አጥፊን ለይቶ ፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ደጋፊ ማኅበራቱን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር። ይህን ሁሉ ከመሥራት «ይቅር» ማለት ይቀላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ያየኋት ያቺ «ለሰላም ሲባል» አድጋ፣ ከረባት አስራ፣ ከተማ ማስተዳደር ጀመረች ማለት ነው።

እናንተስ? አዎ፣ እናንተ። ይህን እያነበባችሁ «እውነቱን ነው» የምትሉ። ነገ ሱቃችሁ በር ላይ አንዱ «እንኳን ቀረ» ሲላችሁ ምን ልትሉት ነው? እንደ ልማዳችሁ «ይሻላል» ብላችሁ ልታልፉ ነው? ልባችሁ ውስጥ ያለውን ማሊያ አውቃለሁ እኮ! ሳጥን ግርጌ የታጠፈውን ብርቱካናማ አውቃለሁ፤ ያንን ቡናማና ቢጫ ፎጣ አውቃለሁ። የጊዮርጊስ ደጋፊ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ፣ የቡና ደጋፊ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ አንድ ላይ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ላይ ፈርሙ። የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ለሠርግና ለለቅሶ የምታዋጡትን ያህል ለአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ አዋጥታችሁ ታውቃላችሁ? ሕንጻ ስትሠሩ ምድር ቤቱን ለመጋዘን ታስባላችሁ፤ ለልጅ ግን አንድ ጎል የሚቆምበት ቦታ አይታሰባችሁም። ልጁ ግን ያው የእናንተው ልጅ ነው።

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዳኛና በፊሽካ ይጋጠሙ፤ ገበያተኛው ቆሞ ይይ። ድንጋይ የወረወረ ይባረር፤ ጨዋታው ይቀጥል። ጊዮርጊስና ቡናም በዓመት ሁለቴ በአዲስ አበባ ሜዳ፣ በአዲስ አበባ ሰው ፊት፣ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ። ትኬቱን በስማችን ቁረጡልን፤ መታወቂያችንን አይታችሁ አስገቡን፤ በካሜራ ቅረጹን። ያጠፋ ሰው ካለ በስሙ ጥሩት። እኔ የመጀመሪያው ሰልፈኛ ነኝ። የየትኛው ቡድን እንደሆንኩ ያን ዕለት በር ላይ ታዩታላችሁ፤ ለዚያች ቀን ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር የተቋጠረ የቆየ ተረብ አለኝ።